ጥለቱን አንድ ሰው ብቻ ሲያውቀው

ወሎ ውስጥ ስለ ሸማኔ ማህበራት ችግር ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ብድር ነው። ቀጥሎ ገበያ። ከዚያ መሥሪያ ቦታ። ሦስቱም እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ደሴና ዙሪያዋ ያሉ ትንንሽ የሽመና ማህበራትን መዝገብ ሳገላብጥ ዓመታት አልፈዋል፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚያልቀው ማንም ልብ በማይለው ሌላ ቦታ ነው። ማን ምን ያውቃል በሚለው ላይ፣ እና ምን እንሽመን በሚለው ላይ።

እነዚህን ሁለቱን ሰው የሂሳብ ጉዳይ ናቸው ብሎ አያስባቸውም። ዕውቀት ማካፈል የደግነት፣ ዲዛይን ደግሞ የውበት ነገር ይመስለዋል። እኔ ሁለቱንም የማገኛቸው መዝገቡ ላይ ነው፣ በብር ሆነው።

ከዕውቀቱ ልጀምር። ማህበሩ ውስጥ ሁሉም ነጠላ ይሸምናል፣ ጋቢም ይሸምናል። ሰፊውን ጥለት፣ ባለብዙ ቀለሙን፣ ለሙሽራ ቀሚስ የሚሆነውን ግን የሚያወጡት አንድ ሰው ናቸው። ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ናቸው። ጥለቱ የትም አልተጻፈም። ስንት ድር በየትኛው ቀለም እንደሚቆጠር፣ የቱ እንደሚነሳ፣ የቱ እንደሚታለፍ የሚያውቀው የሳቸው ጣት ነው።

እና ጥር ገባ እንበል። ጥምቀት አልፎ ሰርግ በሰርግ ላይ የሚደራረብበት ጊዜ። ትዕዛዝ ተቀብለናል፣ ቀብድ በልተናል፣ ለዚያ ጥለት ብቻ የሚሆን ባለቀለም ክርና ወርቀ ዘቦ ተገዝቷል። እሳቸው ታመሙ። በቃ። ቀብዱ ይመለሳል፣ ክሩ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ሙሽራዋ ሌላ ሱቅ ሄዳ ትገዛለች፣ እህቶቿና ጓደኞቿም እሷን ተከትለው ይሄዳሉ። ሰርግ ደግሞ ጾም ከገባ ይቆማል፤ ያ ወቅት ካመለጠ እስከ ፋሲካ ማግስት መጠበቅ ነው። መዝገቡ ላይ «ኪሳራ» ተብሎ የሚጻፈው የክሩ ዋጋ ብቻ ነው። ሌላው አይጻፍም፣ ግን ተከስሯል።

አንድ እንዲህ ያሉ አባት አውቃለሁ። ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ «አባባ፣ ለልጆቹ ለምን አያሳዩዋቸውም?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ሰስቼ አይደለም» አሉኝ። «አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ላስተምር ብል ያን ቀን አልሸምንም። ያልሸመንኩበትን ቀን ማን ይከፍለኛል? ልጁ ደግሞ እጁ በፈታ በወሩ የራሱን የሽመና ዕቃ ተክሎ ለኔው ደንበኛ ዋጋ ሰብሮ ይሸጣል።»

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቅናት ነው ይላል። እኔ ትክክለኛ ሂሳብ ነው እላለሁ። ማህበሩ የሚከፍለው በተሸመነ ጨርቅ ልክ ነው። ያስተማረ ሰው ጨርቅ አላስረከበም፣ ስለዚህ አልተከፈለውም። ያውም ያስተማራቸው ሰዎች ነገ የሱን ዋጋ ያወርዱበታል። በዚህ ስሌት የሚያስተምር ሰው ከተገኘ ተአምር ነው።

መፍትሄው ለሽማግሌዎቹ ስለ አንድነት ንግግር ማድረግ አይደለም። ማስተማር ወጪ ሆኖ መዝገብ ላይ ይግባ። አንድ ማህበር ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ትርፍ ከመከፋፈሉ በፊት ለማስተማሪያ የሚሆን ገንዘብ ይነሳል፣ የሚያሳዩት ሰው ቢሸምኑ ያገኙ የነበረው የቀን ዋጋ ይከፈላቸዋል፣ ተማሪው በዚያ ጥለት ከሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ላይ ደግሞ ትንሽ ድርሻ ለአስተማሪው ይቀነሳል። አባላቱ ያን ጥለት ከዚህ ዋጋ በታች አንሸጥም ብለውም ተፈራረሙ። መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቅ ነበር፣ በተለይ ድርሻው ላይ። በሚቀጥለው የሰርግ ወቅት ግን ያው ጥለት ከአንድ በላይ ዕቃ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ቀብድ የተመለሰለት ሰው አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ንብረት የጠፋበት ማህበር ብዙ ነው። ዕቃ ተሰባበረ፣ ክር ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ቶሎ ሥራ የጀመሩት ግን ገንዘብ የነበራቸው ብቻ አይደሉም። ሥራው በብዙ ሰው እጅ ላይ የነበረባቸውም ናቸው፤ አንዱ ቢሰደድ ሌላው ጀመረ። የዕቃው እንጨትና ማጉን የሚያሳልፈው መወርወሪያ ተበድሮ ይገኛል። ጥለት ማንም አያበድርም።

ስለ ፈታዮቹ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ይከብደኛል። ሽመና ሲባል ሁሉም ሸማኔውን ያስባል፣ ግን ማጉን፣ በድሩ መሃል አግድም የሚገባውን ክር፣ የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፣ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት አቅጥነው። ብዙ ቦታ ፈትል የሚገዛው በሚዛን ነው። እስቲ አስቡት። አንድ ሚዛን ላይ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ልቃቂቶች አሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ቀጭኑ በጣም ይረዝማል፣ ስለዚህ ለመፍተል ብዙ ሰዓት ፈጅቷል። ክፍያው ግን እኩል ነው። ያኔ ጎበዟ ፈታይ ሰነፏ ከምታገኘው ያነሰ የሰዓት ዋጋ ታገኛለች ማለት ነው። ከዚያ ማህበሩ «ቀጭን ፈትል ጠፋ፣ የድሮ ሴቶች አለቁ» ብሎ ያማርራል። አላለቁም። ሚዛኑ ነው ወፍራም ፍተሉ ያላቸው።

ቀጭን ፈትል ደግሞ የዲዛይን ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም የሚንሳፈፍ ነጠላ፣ ለትከሻ የሚቀል፣ ብዙ ብር የሚያወጣው በሱ ነው። ለፈትል በቅጥነቱ ደረጃ አውጥቶ መክፈል ቀላል ነው። ሦስት ደረጃ ይበቃል፤ የየደረጃው ናሙና ተሰቅሎ ሁሉም ይየው። ደረጃውን የሚወስኑት ሸማኔና ፈታይ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ቢሆን ደግሞ ሌላም ነገር ይወጣል፤ የትኛው ጥጥ እንደሚበጣጠስ፣ የትኛው ፈትል ድር ላይ እንደሚሰነጠቅ ፈታዮቹ ያውቃሉ፣ ግን ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም።

አንዲት እናት አንድ ጊዜ የገዙትን ጋቢ ይዘው መጡ። ጥለቱ ቀይ ነበር። የታጠበው አንዴ ብቻ ነው። ከጥለቱ ጠርዝ ጀምሮ ቀዩ ጣት ያህል ወደ ነጩ ገብቶ ሮዝ ሆኗል፤ እርጥቡ ተጣጥፎ ባደረበት በኩል ደግሞ ጥለቱ ሌላው ገጽ ላይ ልክ እንደ ማህተም ታትሟል። ለልጃቸው አማች የገዙት ስጦታ ነበር። አልተቆጡም፣ አፍረው ነበር፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። እሳቸው ከወጡ በኋላ ከአባላቱ አንዷ ቀስ ብላ «ይሄ ክር እንደሚለቅ እኮ ባለፈው የኔም ላይ አይቼዋለሁ» አለች። ታውቅ ነበር። ለማን ትንገር? የሚነገርበት ቦታ አልነበረም። በዚያ ክር ሌሎች ጋቢዎችም ተሸምነው ተሸጠው ነበር።

አዲስ ባለቀለም ክር ሲመጣ አንድ ስንዝር ቆርጦ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አስሮ፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ማሳደር ነው። ጠዋት ነጩ ነጭ ከሆነ ይሠራበታል። ይህ ምንም ብር አያስወጣም። የሚያስፈልገው ያየ ሰው ያየውን የሚጽፍበት ነገር ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የናሙና ካርድ የምለው። ካርቶን ቁረጡ፣ የመዳፍ ስፋት ይበቃል። ከላይ የጥለቱን ቁራጭ ስፉበት ወይም በስቴፕለር ምቱት። ከሥር የድሩ ቁጥር፣ የቀለሙ ቅደም ተከተል፣ የክሩ ዓይነትና ከማን እንደተገዛ፣ ስንት ግራም ድርና ስንት ግራም ማግ እንደገባበት፣ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ታጥቦ ምን ያህል እንዳጠረ፣ ክሩ በዚያን ቀን ስንት እንደነበረ፣ ጨርቁ ስንት እንደተሸጠ። ማንበብ የማይችል አባል ካለ የቀለሙን ቅደም ተከተል ክሩን ራሱን በመደርደር ማሳየት ይቻላል፣ እንደውም እሱ ከጽሑፉ ይሻላል። ጥለቱና ዋጋው አንድ ካርድ ላይ መሆን አለባቸው። ጥለቱ ብቻ ከሆነ የውበት አልበም ነው፣ ዋጋው ብቻ ከሆነ ደግሞ ለሸማኔው ምንም አይነግረውም።

ካርዱ ሲኖር ምን ይታያል? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሩን ለማስረዳት ያህል እኔ ነኝ ክብ ያደረግኩት፣ የገበያ ዋጋ አይደለም። ጋቢ 1,600 ብር ክር ፈጅቶ፣ አራት ቀን ወስዶ፣ 2,400 ብር ተሸጠ። የቀረው 800 ነው፣ በቀን 200። የአንገት ልብስ 150 ብር ክር፣ አንድ ቀን፣ 500 ብር ተሸጠ። የቀረው 350፣ በቀን 350። አባላቱን ብትጠይቁ ግን ጋቢ ይሻላል ይሏችኋል፣ ምክንያቱም 800 ብር በአንዴ እጅ ይገባል። ከዚያም በላይ ጋቢው እስኪሸጥ ያ 1,600 ብር ታስሯል። ለአንድ ጋቢ በታሰረው ገንዘብ የአሥር የአንገት ልብስ ክር ይገዛ ነበር። ሥራ ማስኬጃ አጠረን፣ ብድር ስጡን የሚለው ማህበር ብዙ ጊዜ ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ጋቢ ሆኖ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ጋቢ ተዉ እያልኩ አይደለም። ጋቢ የማይሸመንበት ወሎ አይታየኝም። ጋቢ በትዕዛዝና በወቅቱ ይሠራ፣ መሃል ላይ ደግሞ ቶሎ የሚዞር ነገር ይኑር ነው የምለው።

ሌላው ካርዱ የሚያሳየው ክሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ክርና ቀለም ዋጋው አብሮ ሄደ። ያኔ ብዙ ማህበር ጨርቁን የሸጠው ክሩን በገዛበት ዋጋ አስቦ ነው። ያንኑ የ1,600 ብር ምሳሌ ውሰዱ። በ2,400 ሸጣችሁ፣ 800 አተረፍን ብላችሁ ተከፋፈላችሁ። ገበያ ስትሄዱ ያው ክር 2,200 ሆኗል። የእውነት ትርፉ 200 ብር ነበር፣ ለአራት ቀን ሥራ። የቀረውን 600 ከዋናው ነው የበላችሁት። ዋጋ ስታወጡ ክሩን መልሳችሁ በምትገዙበት ዋጋ አስቡ። ይህን ደግሞ የሚያውቀው ክር ገዢው ብቻ ከሆነ አይጠቅምም፤ ሻጯም፣ ሸማኔውም፣ ትዕዛዝ የሚቀበለውም የሰሞኑን የክር ዋጋ ማወቅ አለባቸው።

ነጋዴው ያውቃል። ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላል፣ ደሴ ያለውን ዋጋ በስልክ ይሰማል፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ሸማኔው የሚያውቀው ባለፈው ሳምንት እሱ የሸጠበትን ነው። ሐይቅ ያለው ማህበር ወልድያ ያለውን እንደ ተፎካካሪ ያየዋል፣ ዋጋውን ይደብቀዋል፤ ሁለቱም ለዚያው ነጋዴ በተለያየ ዋጋ ይሸጡለታል። መደዋወል ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ዲዛይኑ። ሰው ዲዛይን ሲባል አዲስ ጥለት መፍጠር ይመስለዋል። እኔ ግን ብዙውን ብር ያየሁት ሌላ ቦታ ነው። በጉድጓድ ሽመና፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ በሚሠራበት፣ ጨርቁ የሚሰፋው መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ በሚደርስበት ልክ ነው። ስለዚህ የአልጋ ልብስ ስትሠሩ ሁለት ጨርቅ ማገናኘት ግድ ነው፣ መሃሉ ላይ ስፌት ይመጣል። ገዢ ስፌቱን ሲያይ ዋጋ ያስቀንሳል። ታዲያ ጥለቱን ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ማድረግ ማን ደነገገ? ስፌቱ የሚገናኝበት መሃል ላይ በሁለቱም ወገን ጠባብ ጥለት አውርዱና ስታገናኙት አንድ ሰፊ መስመር ይሆናል። ስፌቱ ጠፋ፣ ጌጥ ሆነ። ይህን ያደረገች ልጅ ሥራ አይቻለሁ፤ ክሩ ያው፣ ቀኑ ያው፣ ዋጋው ግን ሌላ። ካርዷ አሁን ግድግዳ ላይ አለ።

ለማን እንደምንሸምንም ዲዛይን ነው። ወሎ ለዚህ የታደለ ነው። ደሴ ብርድ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ስትወርዱ ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል፣ ባቲ ደግሞ ሙቀት ነው። ያንኑ ጋቢ ይዞ ሦስቱም ጋ መሄድ ምን ይሉታል? ቆላው ሽርጥ ይለብሳል፣ ብዙው ሽርጥ ከውጭ የገባ ነው። በጥጥ፣ ቀለሙ የማይለቅ፣ በልኩ የተሸመነ ሽርጥ ለምን ከኛ አይወጣም? ለሴቶችም ከቀጭን ፈትል የሚሠራ የራስ ሻሽና ሂጃብ አለ፤ ሙቀት የማይዝ፣ ከራስ የማይንሸራተት። እዚህ አገር ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ ግን ብዙ ማህበር የሚሸምነው ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ነው። ዒድና መውሊድ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደሙ ይመጣሉ፤ ያንን ከዓመቱ መጀመሪያ ካላንደር ላይ ያሰፈረ ማህበር ሥራ የሚፈታበት ወር ይቀንስለታል።

ነሐሴ 16 ደግሞ የልጃገረዶች በዓል አለ። ላስታ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል፣ ሰቆጣ ሻደይ። ልጃገረዶቹ አዲስ ቀሚስ ይፈልጋሉ፣ ወሩ ግን ክረምት ነው፣ አዝመራ አልደረሰም፣ የገበሬው እጅ ያጠረበት ጊዜ። ስለዚህ ውድ ቀሚስ አይደለም የሚያስፈልገው። ጥለቱ ጠበብ ያለ፣ ነጩ የበዛ፣ በትንሽ ብር የሚገዛ፣ ክሩ ሰኔ ላይ የተገዛ ቀሚስ ነው። ዋጋው ከዲዛይኑ ላይ ነው የሚጀምረው።

ላሊበላን ያየ ሰው ደግሞ አንድ ደንበኛ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ አይጠፋውም። ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ቱሪስቱ ቀረ። ለቱሪስት ብቻ የሚሆን የአንገት ልብስ ሲሸምን የነበረ ሰው ያንን ለአካባቢው ሰው ሊሸጥ አልቻለም፣ መጠኑም ቀለሙም ለሱ አልታሰበም።

«ካካፈልን ይሰርቁናል» የሚለውን ስጋት አውቀዋለሁ። በፋብሪካ የታተመ ጥለት መሳይ ጨርቅ ከውጭ እየገባ በርካሽ ሲሸጥ ሁላችንም እናያለን። ልብ በሉ ግን፣ ያ ጨርቅ የተቀዳው ከአባላት ውይይት ወጥቶ አይደለም። ገበያ ላይ ከተሰቀለ ቀሚስ ነው የተቀዳው። ለራስ ሰው መደበቅ ከዚያ አላዳነንም። መጠበቅ ለሚፈልግ ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አምስት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለአምስት አምስት ዓመት ይታደሳል። ንድፉ ግን አዲስ መሆን አለበት፤ ከአያት የወረስነውን ጥለት አንድ ሰው ወስዶ የኔ ነው ሊል አይችልም፣ ደግሞም መቻል የለበትም። አዲስ ነገር ያወጣ ማህበር በማህበሩ ስም ያስመዝግብ፣ ገበያ ላይ ከማውጣቱ በፊት። ቀን የተጻፈበት ካርድ እዚህም ይጠቅማል።

ሥልጠና የሚባለው ነገር ላይ ቅሬታ አለኝ። ሰው ይመጣል፣ ለሦስት ቀን ስለ ሥራ ፈጠራ በአዳራሽ ያወራል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ማንም ወደ ዕቃው ወርዶ ጨርቁን አይነካም። በዚያው ወጪ ከሌላ ማህበር አንድ ጎበዝ ሸማኔና አንዲት ፈታይ ሳምንት ሙሉ መጥተው አብረው ቢሠሩ ይሻል ነበር፤ ጥያቄው እዚያው፣ ክሩ ሲበጠስ ነው የሚመጣው።

የኮምቦልቻን ነገር ደግሞ ሁሌ አስባለሁ። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለው፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ጨርቃጨርቅ ያስተምራል። ክር ይለቅ አይለቅ፣ ጨርቁ ሲታጠብ ስንት እጁ እንደሚያጥር፣ የቱ ድር የቱን ማግ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ አለ ማለት ነው። እዚያ የምታስተምሩና የምትማሩ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ አትለፉ። የመመረቂያ ሥራችሁን ርዕስ ከሸማኔው ጉድጓድ ውሰዱት። በወር አንድ ቀን፣ ማህበራት ክራቸውን ይዘው የሚመጡበትና ውጤቱን በአማርኛ ጽፋችሁ ካርዳቸው ላይ የምትለጥፉበት ቀን ክፈቱ። ከሐይቅም ከባቲም መኪና አለ፣ ናሙናውን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።